የዘንዶው ማሰሮ አደራ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት በሰው ቤት ምድጃ አጠገብ ነው። ቤቱ ሮም ውስጥ፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ ትራም ባለፈ ቁጥር መስኮቱ በሚንቀጠቀጥ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሲኞራ ኤልቪራ የሚባሉ መበለት ነበሩ፤ እናቴ አልማዝ ደግሞ የእሳቸው ሠራተኛ። እኔና እናቴ ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል እንኖር ነበር። ከእኛ ቀጥሎ ያለችው ክፍል የእትዬ ምንትዋብ ነበረች። እትዬ ምንትዋብ በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ መጥተው፣ በዚያው ቤት አርባ ዓመት ያህል ሠርተው፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሥራውን ለእናቴ አስረክበው ሊወጡ ሲሉ፣ ሲኞራ «ምንትዋብ፣ የት ይሄዳሉ? ቤትዎ እኮ እዚህ ነው» ብለው ያስቀሯቸው ሴት ናቸው።

ያኔ የሕንፃው ማሞቂያ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ ክረምት ሲገባ ሳሎን ውስጥ ያለው ምድጃ ይቀጣጠላል። ከትምህርት ቤት ተመልሼ የቤት ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ፣ ሲኞራ ዓይናቸው ብዙ ብርሃን ስለማይወድ ትልቁ መብራት ይጠፋና ጥግ ላይ ያለችው ባለ አረንጓዴ ጥላ መብራት ብቻ ትቀራለች። እትዬ ምንትዋብ ካስታኛ የሚባለውን ፍሬ ልጣጩን በቢላ ጫር እያደረጉ ፍሙ ላይ ያስቀምጡታል። ፍሬው ጠሽ ጠሽ ሲል፣ ጣፋጭ ጭሱ ክፍሉን ሲሞላው፣ ጣታቸውን እፍ እያሉ ልጠው በእጄ ያስጨብጡኝና ተረታቸውን ይጀምራሉ። ሲኞራ ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው ያዳምጣሉ። አማርኛ አይችሉም፤ ቢሆንም በአርባ ዓመት ውስጥ ጥቂት ቃል ጆሯቸው ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ያልገባቸውን እትዬ በጣልያንኛ ይነግሯቸዋል።

ከምድጃው በስተቀኝ፣ ባለ መሳቢያ ጥቁር የእንጨት ሣጥን ላይ፣ ክዳን ያለው ትልቅ የቻይና ማሰሮ ተቀምጦ ነበር። የሲኞራ አባት ወጣት ሳሉ የገዙት ነው፤ ጣሊያን አንድ አገር ከመሆኗ በፊት የተሠራ ነው ይባላል። ነጭነቱ እንደ ወረቀት አይደለም፤ ውሃ ጠብ ያለበት ወተት ይመስላል። በዚያ ነጭ ላይ አንድ ሰማያዊ ዘንዶ ማሰሮውን ዙሪያውን ተጠምጥሞ፣ በደመና መሐል እየዋኘ፣ ከፊት ለፊቱ የምትነድ አንዲት ዕንቁ ያሳድዳል። ቅርፊቱ አንድ በአንድ በቀጭን ብሩሽ የተሣለ ነው፤ ቀለሙ አንዳንድ ቦታ ተጠራቅሞ ወደ ጥቁር ይጠጋል። እያንዳንዱ እግሩ አራት አራት ጥፍር አለው። የእሳቱ ብርሃን ሲወዛወዝ ጀርባው የሚንቀሳቀስ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ፈርቼው ነበር። እትዬ ክፍል ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስዕል ነበረ፤ ከፈረሱ እግር ሥር የተጋደመውን ደራጎን አውቀዋለሁ። ይኸኛው ደግሞ ጦር የያዘ ማንም ሳይኖርበት ብቻውን ነው። እትዬ ፍርሃቴን አይተው ይመስለኛል እጄን ይዘው ወደ ማሰሮው ያቀረቡኝ። ጣቴን ታችኛው ጠርዝ ላይ አስኬዱት፤ እዚያ ቀለምም ልስላሴም የለም፣ ሻካራ አፈር ብቻ ነው። «ይኸው፣ እንደ እኛ ሸክላ ነው» አሉኝ። «የምንጠጣበትን ሲኒ ለምን ሲኒ እንደምንለው ታውቂያለሽ? የሲን አገር ዕቃ ስለሆነ ነው፤ የቻይና። የእነሱ ዘንዶ ሰው አይበላም፤ ዝናብ ነው የሚጠብቀው።»

ከዚያ በኋላ ነው የዘንዶውን ተረት የነገሩኝ። ከመጽሐፍ ያገኙት አልነበረም፤ ማሰሮውን አርባ ዓመት አቧራውን ሲወለውሉ በልባቸው የሠሩት ነው። የቻይና ንጉሥ ሊሞት ሲል ዘንዶውን አስጠርቶ አንዲት ዕንቁ ሰጠው። «ልጄ ከሄደበት እስኪመለስ ጠብቅልኝ። አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር» አለው። ዘንዶው ዕንቁዋን ከምላሱ ሥር ደበቃት፤ አፉን ከከፈተ ትታይበታለችና አፉን ዘጋ። ወዳጆቹ «ምን ሆንክ?» አሉት፤ አልመለሰም። ጠላቶቹ ሰደቡት፣ በድንጋይ ወገሩት፤ ዝም አለ። ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ቆይቶ በጥም ሞተ። ልጅየው ሲመለስ የዘንዶውን አፍ ከፍቶ ዕንቁዋን እንደነበረች አገኛት። አለቀሰ፤ ሸክላ ሠሪዎቹን ጠርቶም እሳት በማያጠፋው ሰማያዊ ቀለም ዘንዶው ማሰሮ ላይ እንዲሣል፣ ዕንቁዋም ለዘላለም ከፊቱ እንዳትጠፋ አዘዘ። «አደራ ማለት እንዲህ ነው ልጄ» ብለው እትዬ ይጨርሳሉ። ሲኞራም ከወንበራቸው ሆነው «አዴራ» ይላሉ በጣልያን አፋቸው፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ እያላወሱ።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ መከር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት የሲኞራ ልጅ ማውሪዚዮ መጣ። አንድ ልጃቸው ነው፤ ሌላ ሰፈር ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራ ስሠራ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ቤቱ ለእናቱ እንደሚሰፋ፣ አሳንሰሩ ሲበላሽ ደረጃው እንደሚከብዳቸው፣ ጥሩ የአረጋውያን መኖሪያ እንዳገኘ ረጋ ብሎ ያስረዳል። የቤቱን ዕቃ አይቶ ዋጋ የሚተምን ሰው ዓርብ እንደሚመጣ፣ በመጀመሪያ የሚያየውም ማሰሮውን እንደሆነ ነገራቸው። ሲኞራ አልተከራከሩም። «ቫ ቤኔ» ብቻ አሉ፤ እሺ እንደማለት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት እናቴ ገበያ ወጣች፤ እትዬም ለጉልበታቸው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሲኞራ ከክፍላቸው ጠሩኝ። ስሄድ የሟች ባለቤታቸውን ከባድ ካፖርት አልጋው ላይ ዘርግተው ማሰሮውን እየጠቀለሉበት ነው። ክዳኑን ለእኔ ሰጡኝ፤ በሱፍ ሻርፕ አድርጌ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። በአሳንሰሩ ወርደን ከምድር በታች ወዳለው ዕቃ ቤት፣ ካንቲና ወደሚሉት ገባን። እርጥበትና አሮጌ ከሰል ይሸታል። ሲኞራ ማሰሮውን እንዳቀፉ ስለነበሩ ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ባዶ የእንጨት ሣጥን ከፍተን ማሰሮውን አስተኛነው፤ ክዳኑን ከጎኑ አደረግሁ፤ በላዩ የድሮ ብርድ ልብስ ደረብንበት። ሲኞራ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና ጣታቸውን ከንፈሬ ላይ አደረጉ። ጣታቸው ይቀዘቅዝ ነበር።

«ለእናትሽም፣ ለምንትዋብም አትነግሪም» አሉኝ በጣልያንኛ። ቀጥለው በእኛው ቃል፣ «አዴራ።»

ያኔ ኩራት እንጂ ፍርሃት አልተሰማኝም። ከዚያ በፊት አደራ የሰጠኝ ሰው አልነበረም።

ማታውን እናቴ ቦታው ባዶ መሆኑን አይታ ስትጠይቅ ሲኞራ «ማውሪዚዮ ወስዶት ይሆናል» አሉ። ዓርብ ጠዋት ማውሪዚዮ ዕቃ ከሚያየው ሰው ጋር መጣና እሱ እንዳልወሰደው ታወቀ። ቁም ሣጥኑ፣ ማድ ቤቱ፣ የእኛ ክፍል ሳይቀር ተፈተሸ፤ ካንቲናውን ግን ያሰበ አልነበረም። ሲኞራን ጠየቋቸው። «የትኛው ማሰሮ?» አሉ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነገር ይረሱ ነበር፤ አንዳንድ ቀን እኔን በሟች እህታቸው ስም ይጠሩኝ ነበር። እኔ ግን ረስተው ይሁን ወይም አስመስለው እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ፊታቸውን ፈልጌ አየሁ፤ ምንም ምልክት አልሰጡኝም።

እንግዳው ሄደ። ማውሪዚዮ እናቴን ሳሎን አቆማት። አልጮኸም። እንዲያውም ድምፁ ከወትሮው ዝግ ብሎ ነበር።

«ሲኞራ አልማዝ፣ ሌባ ነሽ ያለሽ ሰው የለም። ግን ቁልፍ ያለው አንቺ ጋ ነው፣ እናቴ ደግሞ እንደምታይያት ናት። ነገሩ እስኪጣራ ሌላ ቦታ ብትቆዩ ይሻላል።»

እትዬ ምንትዋብ ከማድ ቤት በከዘራቸው እየተደገፉ ወጥተው፣ «አልማዝን እኔ ነኝ ያመጣኋት፤ በእሷ ላይ ያለው ነገር በእኔም ላይ ነው» አሉት። እናቴ ግን «አልወሰድኩም» አለች አንድ ጊዜ ብቻ። ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ዝም አለች። አልማለችም፣ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ጓዛችንን ይዘን ስንወርድ ማውሪዚዮ ግቢው መሐል፣ የበር ጠባቂዋና ሁለት ጎረቤቶች እያዩ፣ ቁልፉን ከእጇ ተቀበላት።

ቲቡርቲና ጣቢያ አካባቢ እናቴ የምታውቃት አንዲት ሴት ክፍሏን አካፈለችን። ከመስኮቱ አውቶቡሶቹ ይታያሉ፤ ሻንጣቸውን ተንተርሰው ቀኑን የሚያሳልፉ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ገና ያልወሰኑ ሰዎችም ይታያሉ። እናቴ የሥራ ሽርጧን አጥባ ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቀለችው። በሁለተኛው ቀን ለሴትየዋ ዝቅ ባለ ድምፅ «የሥራ ኮንትራቶ ከሌለኝ የመኖሪያ ፔርሜሶዬን በምን አሳድሳለሁ? ልጅቷስ?» ስትላት ሰማሁ።

እኔ ስድስት ቀን ዝም አልኩ። ምግብ አፌ ውስጥ እንደ ጨርቅ ይሆንብኝ ነበር። ትምህርት ቤት ስሄድ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ስመለስ ደግሞ ዘንዶው ትዝ ይለኛል። እሱ በድንጋይ ተወግሮ ዝም ካለ እኔ ጥቂት ቀን መቻል እንዴት ያቅተኛል እላለሁ። የሚገርመው ጀግና እየሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ እናቴ ከፊቴ በየቀኑ እየቀጠነች።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት እትዬ ምንትዋብ በዚያ ጉልበታቸው ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መጡ። የረሳሁትን ደብተርና አንድ ከረጢት ካስታኛ ይዘውልኛል። እናቴ «ምግብ እንቢ ብላኛለች እትዬ፤ እባክዎ ያጫውቱልኝ» ብላ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። እትዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እሳት የለም፣ ፍም የለም፤ ከላይ የተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ብቻ። እትዬ የምወደው ተረት መስሏቸው «የቻይና ንጉሥ ሊሞት ሲል…» ብለው ጀመሩ።

ንጉሡ ዕንቁዋን ለዘንዶው ሲሰጥ አቋረጥኳቸው።

«እትዬ፣ ዘንዶው እናት ነበረችው?»

እትዬ ከረጢቱን ከጉልበታቸው አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ሶስና፣ አደራ ያለሽ ማን ነው?»

ጥርሴን ነክሼ ግድግዳውን አየሁ። እትዬ አልተቆጡም። ፊታቸው ግን ተለዋውጦ ነበር፤ ያኔ ያልገባኝ፣ አሁን ግን ድንጋጤ እንደነበር የማውቀው መልክ ነበር።

«ስሚኝ ልጄ» አሉኝ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ያንን ተረት የሠራሁት ብቻዬን ሳለሁ ነው። ለዘንዶው እናት አልሰጠሁትም፣ ልጅም አልሰጠሁትም፤ ዝምታው ማንንም እንዳይጎዳ አድርጌ ነው የተረትኩት። እንዲህ ያለ አደራ ተረት ውስጥ ብቻ ነው ያለው። አደራ በላ የሚባለው ለጥቅሙ ብሎ የሚከዳ ነው። ሰው ከመከራ ለማውጣት አፉን የከፈተ አደራ በላ አይባልም።»

«ሲኞራ ይቀየሙኛል» አልኩ።

«ይቀየሙሽ ይሆናል» አሉ እትዬ። አልዋሹኝም። «እሱን አብረን እንችለዋለን።»

ነገርኳቸው። ስጨርስ ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አስደግፈው እናቴ እስክትገባ ጠበቁ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ባዶውን ሳፋ እንደያዘች ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። የጠበቅኩት ቁጣ አልመጣም። «እና ደህና ነው? አልተሰበረም?» ብላ ጠየቀች። «አልተሰበረም» ስላት ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስታችን ሄድን። እትዬ ቀድመው ስልክ ደውለው ስለነበር ማውሪዚዮ ግቢው ውስጥ ጠበቀን። ካንቲናው ውስጥ ሣጥኑን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱን አንሥቶ፣ የአባቱን ካፖርት ገልጦ፣ ዘንዶውን ሲያይ እጁ ካፖርቱ ላይ ቀረ። ማሰሮውን አላነሣውም፤ ካፖርቱን ነው ይዞ የቆየው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ ይቅርታ ጠየቀ፣ ወደ ሥራዋም እንድትመለስ ለመናት።

«እመለሳለሁ» አለች እናቴ። «ግን ቁልፉን የተቀበልከኝ ግቢ ውስጥ ነው። እዚያው ስጠኝ።»

እንዳለችው አደረገ። የበር ጠባቂዋንና እነዚያን ጎረቤቶች ጠርቶ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ እንደተሳሳተ፣ ማሰሮውም በገዛ እናቱ እጅ እንደተቀመጠ ተናገረና ቁልፉን እጇ ላይ አኖረ። እናቴ አመስግና ተቀበለች። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀጥ ብላ ደረጃ ስትወጣ አይቻት አላውቅም።

ሲኞራ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ማሰሮው ወደ ቦታው ሲመለስ አዩት፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«ነገርሻቸው» አሉ።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። አልረሱም ነበር ማለት ነው። ስድስቱን ቀን ሁሉ ያውቁ ነበር። እትዬ ምንትዋብ ከዘራቸውን ይዘው ሲኞራ ፊት ሄደው ቆሙ። አርባ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» እየተባባሉ ኖረዋል፤ ያን ቀን እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በጣልያንኛ «ቱ» አሏቸው፤ አንቺ ማለት ነው።

«ኤልቪራ፣ አንቺም እናት ነሽ። ለዕቃ ብለሽ እናትና ልጅ ከቤት ሲወጡ ታያለሽ?»

ሲኞራ ሲመልሱ ድምፃቸው እንደ ልጅ ነበር። «ማሰሮው ከወጣ ቀጥሎ የምወጣው እኔ ነኝ። አንቺ የት ትቀሪያለሽ ምንትዋብ? እኔስ ካላንቺ?»

ማውሪዚዮ በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። መጥቶ ከእናቱ አጠገብ፣ እኔ ተረት ስሰማ በምቀመጥባት ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ እናቴ እጄን ይዛ ወደ ማድ ቤት ወሰደችኝ። የማውቀው፣ የአረጋውያን መኖሪያው ነገር ከዚያ ወዲያ አለመነሣቱን ነው። ሲኞራ እንደፈሩት ሳይሆን ገና ሁለት ክረምት ያህል ኖረው በገዛ አልጋቸው ላይ ዐረፉ። እትዬና እናቴ ናቸው ገላቸውን ያጠቡት። ማሰሮውን ማውሪዚዮ ወሰደው፤ ሸጦት ይሁን አስቀምጦት ጠይቄ አላውቅም።

እነዚያን ሁለት ክረምት ሲኞራ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ፍም ላይ የበሰለውን ካስታኛ ያካፍሉኛል። ነገር ግን ከክፍላቸው ጠርተውኝ አያውቁም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያንን ልዩነት ታውቀዋለች። እውነት መናገር ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውንም አንዳንዴ የምንወደው ሰው ፊት ላይ እያየን እንደምንከፍለው የተማርኩት በዚያ ቤት ነው። እትዬ ምንትዋብ ደግሞ የዘንዶውን ተረት ዳግመኛ አልነገሩኝም። ሌላ ተረት ሲነግሩኝ ግን መሐል ላይ ያቆሙና «እስኪ አንቺ ብትሆኚ?» ብለው ይጠይቁኝ ጀመር።

እናቴ አሁን ጡረታ ወጥታ ከእኔው ጋር ትኖራለች። ባለፈው ዓመት፣ ሁለታችን ጎመን እየቀነጠስን፣ ዕድሜ ልኬን የከበደኝን ነገር ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ያን ቀን ማውሪዚዮ ሲያቆምሽ ለምን አልተከራከርሽም? አንድ ጊዜ አልወሰድኩም ብለሽ ዝም አልሽ።»

እጇን ከጎመኑ ሳታነሣ፣ «አይቼሽ ነበራ» አለች። «ፊትሽን ሳይ ነገሩን እንደምታውቂው ገባኝ። ሰብረሽው ስብርባሪውን የጣልሽው መስሎኝ ነበር። ብከራከር አንቺን መጠየቃቸው አይቀርም።»

«ስድስት ቀን ሙሉ?»

«ምነው፣ ስድስት ቀን ምን አላት። እኔ እስከ መጨረሻው ዝም ልል ቆርጬ ነበር።»

ጎመኑን አጥባ ከተፈችው፤ እኔም ሽንኩርቱን ያዝኩ። ስለዚያች የቲቡርቲና ክፍል ሳስብ ከአሁን በፊት የሚታየኝ የእኔ ዝምታ ብቻ ነበር፤ ትልቅ ነገር የተሸከምኩ፣ ብቻዬን የተጨነቅኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ በዚያች አንዲት አልጋ ላይ፣ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን፣ ዝም ያልነው ሁለታችንም ነበርን፤ አንዳችን ሌላዋን እያሰብን፣ አንዳችንም ሳንጠይቅ። ዛሬ የራሴን ልጅ ከትምህርት ቤት ስቀበላት ፊቷ ላይ ያልተነገረ ነገር ካየሁ አልገምትም። አጠገቧ ቁጭ እልና እጠይቃታለሁ።